ሁለተኛው ዓይን

አገራችን ስም አላት። ስሟን በጽሑፍ ለማስፈር ግን የስም ጠባቂው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስም ጠባቂው ደግሞ እኔ ሳልወለድ ለምሳ እንደወጡ እስካሁን አልተመለሱም። ስለዚህ «አገራችን» እያልኩ ልቀጥል።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለ መጽሐፍ ቤቱ ነው። ቤቱ ዛሬም ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ፣ ከጠባቧ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ግን የሰልፍ ከበሮ ማከማቻ ሆኗል። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁትና አንገቴን አስግጌ አሸተትኩ። የቆዳ ሽታ አለ፤ የከበሮ ቆዳ ነው። እኔ የፈለግኩት ከሙጫና ከከሰል ጋር የተዋሐደውን የብራና ሽታ ነበር። እሱ የለም።

እዚያ የተቀጠርኩት ከፍተኛውን ትምህርት ቤት እንደጨረስኩ ነው። ብዙ ነገር ተምሬ ነበር፤ መጽሐፍ ቤቱ የፈለገው ግን የእጅ ጽሑፌን ብቻ ነው። ሥራዬ ከሥዕሎች ሥር አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን መጻፍ ነበር። «ዳኛ ይፈርዳል።» «ንብ ትሠራለች።» «ዝናብ ከላይ ይመጣል።»

በአገራችን ለእያንዳንዱ የንጉሥ ልጅ አንድ የሥዕል መጽሐፍ ይሠራለታል። ወንድም የእኅቱን መጽሐፍ አይወርስም። ልጁ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት አገሩን የሚያውቀው በዚያ መጽሐፍ ነው፤ ወንዙን፣ ገበያውን፣ ገበሬውን፣ ሌባውን። ሳይሳል የቀረ ነገር ካለ ንጉሡ ሳያውቁት ያረጃሉ። የአሁኑ ንጉሥ መጽሐፍ ሲሠራ የድልድዩ ሠዓሊ ታምሞ ስለነበር ድልድይ ሳይሳል ቀርቷል። በዚህ የተነሣ የድልድይ ጥገና ጥያቄ ለንጉሡ አይቀርብም። ሰዎችም በድልድዩ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ሠዓሊዎቹ ከጥንት የያዙት አንድ ደንብ ነበራቸው። ጥሩ ሰው ፊት ለፊት ይሳላል፤ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይኖሩታል። ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፤ የሚታየው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ገና ፊደል ያልለየ ልጅ ማንን ማመን እንዳለበት በዚህ ይለያል። እኔ በበኩሌ ደንቡን አልነቅፈውም። ቀላል ነው፤ ለብዙ ዘመንም ማንንም አልጎዳም።

ነገሩ የተበላሸው በንጉሡ ቅድመ አያት ጊዜ ነው ይባላል። ቅድመ አያቱ ገና በልጅነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ተቀመጡ። ሁለት ባለጉዳዮች ቀረቡ። አንደኛው ምስክሩ መምጣቱን ለማየት ወደ በሩ ዞር አለ።

«ይኼኛው ክፉ ነው» አሉ ንጉሡ። «ከመጽሐፌ አውቀዋለሁ።»

የንጉሥ ፍርድ አይመለስም። ሰውየው በወንዙ በር ወጥቶ ሄደ፤ በዚያ በር የወጣ ደግሞ አይገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕዝቡ ጎኑን ላለማሳየት ተጠነቀቀ። በቤተ መንግሥቱ አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ ፊቱን ወደ ሰገነቱ መልሶ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን መራመድ ያዘ። መንገዱ ሰፋ። ልብስ ሰፊዎች ጥለቱን ከፊት ብቻ አደረጉት፤ ፀጉር ቆራጮችም ከጆሮ በኋላ ያለውን ተዉት። ሙሽሮች ሰልፍ ሲያልፍ እርስ በርስ መተያየት ተከለከሉ። በቅሎና ወፍ በልዩ አዋጅ ነፃ ወጡ። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር የፊት ሹም የሚባል ባለሥልጣን ተሾመ። ሁለት ዓይንን አፍጥጦ ፊት ለፊት መቆምን ከሁላችንም ቀድመው የለመዱት ሌቦቹ ናቸው።

እኔ ስቀጠር የመጽሐፍ ቤቱ ኃላፊ መምህር ድንበሩ ነበሩ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጣቶቻቸው ዘወትር በቀለም የተነከሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ከመጽሐፍ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወዲያ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ማንያህል ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያችን መንገድ ለመሻገር እንኳ ሁለቴ ያርፋሉ፤ ቢሆንም ምሳ ይዘው ይመጣሉ።

የዚያን ጊዜ የምንሠራው የልዕልት አስካልን መጽሐፍ ነበር። በልማዱ ልጅ መጽሐፉን የሚያየው ካለቀ በኋላ ነው። አስካል ግን ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላት፣ ሞግዚቷ ስታንቀላፋ በጓሮው በር ሹልክ ብላ መምጣት ለመደች። እኛም የማባረር ሥልጣን ለማን እንደተሰጠ ስላላወቅን ተውናት። ከመምህሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ቀለም ትፈጫለች።

«ቢጫውን እንዳትልሺው አስካልዬ» ይሏታል። «ንግሥት ሳትሆኚ ትሞቻለሽ።»

«ቀዩንስ?»

«ቀዩን ላሺው። ማታ አባትሽ አፍሽን ከፍተው ሲያዩ ትጠየቂያለሽ እንጂ አትሞቺም።»

አንድ ቀን ሌባውን ሲስሉ አገጯን በእጇ ደግፋ ስታይ ቆየች።

«አባባ፣ የዚህ ሰውዬ ሌላው ዓይኑ የት ነው?»

«በወዲያ በኩል ነዋ።»

«ታዲያ በወዲያ በኩል ለቆመ ሰው ጥሩ ሰው ነው?»

«እዚያም የሚታየው አንዱ ብቻ ነው።»

«ምስኪን» አለች፤ ወደ ሙቀጫዋም ተመለሰች።

እነዚያን ቀናት ሳስብ የሚታወሰኝ ድምፁ ነው፤ ብራና ፋቂው ቆዳውን ሲፍቅ፣ የእኔ ብዕር ስትጭር፣ መምህሩ ሥራ ሲያምርላቸው በአፍንጫቸው የሚያንጎራጉሩት ዜማ የሌለው ዘፈን። ደስተኞች መሆናችንን ማናችንም አልተናገርንም።

መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት የመምህሩ የቀኝ ዓይን ጭጋግ ያዘው። አንድ ክረምት ሙሉ አከሙት፤ አልሆነም። የዓይኑ ቆብ ቀስ በቀስ ወረደና ተዘጋ። በአንዱ ዓይናቸው መሳል ቀጠሉ፤ ሥዕሉ አልተበላሸም። እኛም ነገሩን የዓይን ሕመም ብቻ አድርገን አየነው። የፊት ሹሙ ጓንጉል በበሩ ሲገቡ ነው የሆነው የገባን።

ሹም ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበሩም። ጠንቃቃ ነበሩ። አንገታቸው ለብዙ ዓመት ሳይዞር ስለኖረ ደርቋል፤ ወደ ግራ ለማየት መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ። በመምህሩ ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መምህር፣ የመጽሐፉ መክፈቻ በዓል እየደረሰ ነው።»

«ደርሷል።»

«በመጽሐፉ የሠራ ሁሉ በልዕልቲቱ ፊት ይቆማል። ልዕልቲቱም ጥሩውን ከክፉው ትለያለች።»

«ትለያለች። ራሴ ነኝ ያስተማርኳት።»

«በእርስዎ ፊት ላይ የሚታየው ዓይን…» ሹሙ መጨረስ አልቻሉም።

«አንድ ነው» አሉ መምህሩ። «ቆጥሬዋለሁ።»

ሹሙ ከኪሳቸው ትንሽ ቆዳ አወጡና በጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ደንቡ የሚለው 'የሚታይ ዓይን' ነው እንጂ 'የሚያይ ዓይን' አይልም። ይሳሉበትና ያስሩት። እኔ ቀርቤ አልመረምርም።»

መምህሩ ሳሉት። ያማረ ዓይን ነበር። ምሳ ይዘው የመጡት እትዬ ማንያህል ግን ባላቸው አስረውት ሲያዩ ሳህኑን ሊጥሉ ምንም አልቀራቸው።

«ኧረ ያንሱልኝ! ይኼ ዓይን ከድሮው ይበልጥ ያፈጥጣል። ምን አጠፋሁ ብዬ ልተኛ ነው?»

ሳቅን። መምህሩም ስቀው ፈቱት። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ቆዳውን በእጃቸው ያገላብጡት ጀመር።

«አላስረውም» አሉኝ እትዬ ማንያህል ከሄዱ በኋላ። «ልጅቱ እጄን ታውቀዋለች። በሳልኩት ዓይን ላታልላት?»

«እንግዲያው ደንቡን እንለውጠው» አልኳቸው። «የመጨረሻው ገጽ ገና ባዶ ነው። አንድ ጥሩ ሰው በጎን ይሳሉ። እኔ ከሥሩ 'ይህ ሰው ጥሩ ነው' ብዬ እጽፋለሁ።»

«ይርጋው» አሉኝ፤ በስሜ የሚጠሩኝ ሲያዝኑብኝ ነው፤ «ልጅቱ ይኼን መጽሐፍ ከልቧ አምናው ነው የተማረችው። ለራሴ ስል መጨረሻው ላይ ብለውጠው ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ትጠራጠራለች። ወንዙንም፣ ንቧንም።»

«ከከተማው ይወጣሉ እኮ።»

«አውቃለሁ።» በመስኮቱ አሻግረው የቤታቸውን በር አዩ። «የማንያህል ጉልበት እስከ ወንዙ በር አያደርሳትም። ብቻዬን ነው የምወጣው። እሱን ነው ያላወቅኩበት።»

በዓሉ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ሹማምንቱ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ ዙፋኑ አቅንተው ቆሙ። አስካል በወርቅ ፈትል የተጠለፈ ቀሚስ ለብሳ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። መጽሐፉ ተከፈተላት። ሹም ጓንጉል በየገጹ ይጠይቃሉ፤ እሷ ትመልሳለች።

«ይህስ እመቤቴ?»

«ጥሩ።»

«ይህስ?»

«ክፉ።»

አንድም አልሳተችም። ንጉሡ ደስ አላቸው። ከዚያ የሠራተኞቹ ተራ መጣ። ብራና ፋቂው ቀረበ፤ «ጥሩ» ተባለ። እኔ ቀረብኩ፤ ዓይኖቼን እስኪያቃጥለኝ በልጥጬ ነበርና «ጥሩ» ተባልኩ። ቀጥለው መምህሩ ወጡ። ቆዳውን አላሰሩትም። እትዬ ማንያህል ከበሩ አጠገብ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል።

«እመቤቴ» አሉ ሹም ጓንጉል፤ «እኚህ ሰው ምን ናቸው?»

አስካል አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ያኔ አገጯን ደግፋ ሌባውን እንዳየችው ዓይነት።

«አልተጨረሱም» አለች።

ሹሙ መላ ሰውነታቸውን አዙረው ንጉሡን አዩ። ንጉሡ ልጃቸውን አዩ።

«ምን ማለት ነው ልጄ?»

«አባባ ድንበሩ ጥሩ ሰው ሲስሉ መጀመሪያ አንዱን ዓይን ይስላሉ። ከዚያ ይተዉታል። እጃቸው እንዳያበላሸው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ፊት ለፊት ሆኖ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ክፉ አይባልም፤ ገና ነው። እሳቸውም ፊት ለፊት ናቸው።» ቀሚሷን አስተካከለች። «አልተጨረሱም።»

እኔና ብራና ፋቂው ተያየን። በየቀኑ ዓይናችን ሥር የሚሆን ነገር ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ስንት ጊዜ አብረን ተቀምጠን አውርተናል! ይህ ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ችሎቱ ተቸገረ። በሕጉ ጥሩና ክፉ አለ፤ ያልተጨረሰ የለም። ሹማምንቱ አንገታቸውን ሳያዞሩ በሹክሹክታ ተመካከሩ። በመጨረሻ ንጉሡ ጠየቁ፦

«ያልተጨረሰ ሥራ የት ነው የሚቀመጠው?»

«በተጀመረበት ቤት ነው ንጉሥ ሆይ» አሉ ሹም ጓንጉል። «እስኪጨረስ ከመጽሐፍ ቤቱ ደጃፍ አይወጣም።»

«እንግዲያው እዚያ ይቀመጡ። ማን ነው የሚጨርሳቸው?»

ከበሩ አጠገብ የእትዬ ማንያህል ድምፅ ተሰማ፦

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ከሠርጌ ማግስት ጀምሮ ልጨርሳቸው እየታገልኩ ነው፤ አልሆነልኝም።»

ንጉሡ ሳቁ። ሲስቁ ፊታቸው ወደ ጎን ዞረ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ መሬት መሬት አየን።

«እኔ እጨርሳቸዋለሁ» አለች አስካል። «ዓይን መሳል ስማር።»

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። መምህር ድንበሩ በባዶው የመጨረሻ ገጽ ላይ የራሳቸውን ፊት እንዲስሉ፣ አንዱን ዓይን ብቻ እንዲያደርጉ፣ ሁለተኛውን ልዕልቲቱ በገዛ እጇ በሳለች ቀን እንደተጨረሱ ተቆጥረው እንዲወጡ። እኔም ከሥዕሉ ሥር የምጽፈው ተነገረኝ፦ «ይህ ሰው ገና ነው።»

መምህሩ ስለ ደጃፉ ቅሬታ አላሰሙም። አልጋቸው ወደ ቀለም ክፍሉ መጣ። እትዬ ማንያህል ጠዋት ይመጣሉ፣ ማታ ይሄዳሉ፤ በኋላም ከነአካቴው ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡና ብራናውን ሁሉ በሽንኩርት ሽታ ሞሉት። አስካልም በይፋ ሥዕል ተማሪ ስለተባለች ሞግዚቷ እስክታንቀላፋ መጠበቅ አላስፈለጋትም። በየቀኑ መጥታ በተጣለ ቁርጥራጭ ብራና ላይ ዓይን ትስላለች። የመጀመሪያዎቹ ዓይኖች እንቁላል ይመስሉ ነበር፤ ቀጥለው ዓሣ መሰሉ።

«ባሌን ጨረስሽልኝ እመቤቴ?» ይላሉ እትዬ ማንያህል ምሳ ሲያቀርቡ።

«ነገ እማማ።»

«ነገም ጥሩ ነው። ዛሬ ዝናብ ነው፤ የት ይሄዱብኛል።»

ከተማው ደግሞ ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ጥቂት በጥቂት ሰዎች ወደ ፊት ሹሙ ቢሮ መምጣት ጀመሩ። ጥርሱ የወለቀ፣ አፍንጫው የተጣመመ፣ በመንገድ ላይ ልጁን ሲጠራ በጎን የታየ፤ ሁሉም «እኔም አልተጨረስኩም» ይላል። ሹሙ መጽሐፍ አገላብጠው የሚከለክል ደንብ አጡ። ያልተጨረሰም በተጀመረበት ቤት ስለሚቀመጥ እያንዳንዱን ወደ ወላጆቹ ቤት ይልኩታል። ብዙ እናቶች ደስ አላቸው። በወንዙ በር የሚወጣ ሰው ጠፋና ማጠፊያው ዛገ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሹም ጓንጉል ራሳቸው መጥተው መምህሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ አንገታቸው እየተንቀጫቀጨ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጆሯቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ጆሮ ይኑራቸው አይኑራቸው አስቤው አላውቅም።

«ብርሃኑ ጥሩ ነው እዚህ» አሉ።

«ለሥራ ይመቻል» አሏቸው መምህሩ።

ዓመታት አለፉ። አስካል አሥራ ሁለት ሲሞላት እጇ ከመምህሩ እጅ የማይለይ ሆነ። የምትስላቸው ዓይኖች ሊያዩህ ደርሰው የተዉህ ይመስላሉ። መምህሩ በየጠዋቱ መጽሐፉን በመጨረሻው ገጽ ከፍተው፣ ብሩሽ አርጥበው አጠገቧ ያስቀምጣሉ። እሷ ብሩሹን አንሥታ ሌላ ነገር ትስልበታለች። አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኳት።

«እመቤቴ፣ መሳል ከቻሉ ቆይተዋል። መምህሩ ቤታቸውን በመስኮት ነው የሚያዩት።»

«ብጨርሳቸው በደጃፉ ይወጣሉ» አለችኝ። «መንገድ ላይ የሚያያቸው ሰው መጽሐፉን አይደለም የሚያየው፤ ፊታቸውን ነው። አንድ ዓይን። ሹሙ ቢተዉአቸው ሌላ ሹም ይመጣል።»

እውነቷን ነው። ሌላም ምክንያት ሳይኖራት አይቀርም፤ ያን ግን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መምህሩ ያውቁ ነበር መሰለኝ። ብሩሹን ማስቀመጥ አላቆሙም፤ አልጠየቋትምም።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ ባደረበት ማለዳ፣ መምህር ድንበሩ ከእንቅልፋቸው አልተነሡም።

ቃሬዛው መጣ። ተሸካሚዎቹ አንሥተዋቸው እስከ ደጃፉ ደረሱና ቆሙ። ሹም ጓንጉል ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ፂማቸው ረጥቧል፤ ከዝናቡ ይሁን አላውቅም።

«ያልተጨረሰ…» አሉ። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን።

አስካል ከጥጉ አልተንቀሳቀሰችም። እትዬ ማንያህል በዱላቸው እየተደገፉ ወደ እሷ ሄዱና እጃቸውን በትከሻዋ ላይ አደረጉ።

«ጨርሽልኝ ልጄ» አሏት። «ቤታቸው ይሂዱ።»

መጽሐፉን በመጨረሻው ገጽ ከፈትኩላት። የቀለም ቀንዱ ውስጥ የነበረው ቀለም ደርቆ ስለነበር በራሷ እጅ በጠበጠችው። ተቀምጣ ቀኙን ዓይን ሳለች። አልቸኮለችም፤ ቅንድቡን፣ ቆቡን፣ ጥቁሩን፣ በጥቁሩ ውስጥ የምትቀረውን ትንሽ ነጭ። ስትጨርስ ብሩሹን አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ገጹን ማየት ጀመረች።

ሹም ጓንጉል ከደጃፉ ዞር አሉ። ተሸካሚዎቹ ሊራመዱ ሲሉ እጇን አነሣች፤ ቆሙ። ቃሬዛው ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ከባድም ነበር፤ አንዳቸውም አላጉረመረሙም። ዝናቡ ቀጠለ። እትዬ ማንያህል በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሁላችንም ጠበቅን።

አስካል ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ የተሳለውን ዓይን ዳር ነካች።

«ደርቋል» አለች።